«ልብዎ በደንብ ይረጫል» ከተባልኩ በኋላ ስለ ልብ ድካም የተማርኩት

የማስተምርበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ዓመት ደረጃውን ጨርሼ ክፍል ስገባ ገና ሰላምታ ሳልሰጥ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እጽፍና «በዝምታ ሥሩ» እል ነበር። ተማሪዎቼ የማስተማሪያ ዘዴዬ መስሏቸው ለመዱት። እውነቱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ እስኪመለስልኝ አምስት ደቂቃ ያስፈልገኝ ነበር። 53 ዓመቴ ነው፣ ክብደት ጨምሬአለሁ፣ እንቅስቃሴ ትቻለሁ እያልኩ ለራሴ ምክንያት አቀርባለሁ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው «የግራ ልብ ጡንቻ ወፍሯል» የሚል ወረቀት ተሰጥቷቸው መሳቢያ ውስጥ ላስቀመጡ ሰዎች ነው። እኔም አስቀምጬው ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ በራሴ አካል ላይ የሆነውንና ከሐኪሞቼ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ 11 ዓመት በፊት ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ 160 በ100 ሆነ። ሌላ ቀን ተመልሼ ስለካም ያው ነበር። ክኒን ታዘዘልኝ፤ ለጥቂት ወራት ዋጥኩ፤ ግፊቴ ወረደ፤ «ዳንኩ» ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ራሴን ሲያመኝ እጀምራለሁ፣ ሲሻለኝ አቆማለሁ። ግፊት ራስ ምታት ካላመጣ የለም ማለት ነው ብዬ አምን ነበር። አሁን የድሮ የልኬት ወረቀቶቼን ሳገላብጥ የማየው ሌላ ነው፤ ግፊቴ 170 ሆኖ አንዳች ያልተሰማኝ ቀን ራሴን ካመመኝ ቀን እጅግ ይበልጣል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ለሥራ ጉዳይ የጤና ምርመራ ተጠየቅሁና ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ ተነሣሁ። ባለሙያው ወረቀቱን አይቶ «የግራ ልብዎ ጡንቻ ወፈር ያለ ይመስላል፤ ግፊትዎን ይከታተሉ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጡንቻ ሲባል በአእምሮዬ የመጣው ዕቃ ሲሸከም የኖረ ሰው ክንድ ነው። ክንዱ የወፈረ ሰው ጠንካራ ነው፤ እንግዲህ ልቤም ሥራ በዝቶበት ዳብሯል አልኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የነገርኳት እንደ መልካም ዜና ነበር። ያ አለመግባባት ስድስት ዓመት ወሰደብኝ።

ሰውነቴ ግን ዝም አላለም። የዚያን ዓመት ምልክቶች አንድ በአንድ ልቁጠርላችሁ፣ ምክንያቱም ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ኢምንት ናቸው። መጀመሪያ በአንድ ትራስ እተኛ የነበርኩት ሁለት አደረግሁ፤ ከዚያ ሦስት። ጋደም ስል ደረቅ ሳል ይይዘኛል፤ ቀና ስል ይተወኛል። የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ስል ትንፋሼ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ክር የሌለው ጫማ ገዛሁ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ላስቲኩ ጎድጓዳ ቀለበት ጥሎ ይገኛል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ሰበብ ነበረኝ፤ ለሳሉ የጠመኔ ብናኝ፣ ለእግሬ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ ለሽንቱ ዕድሜ። አምስቱም የአንድ ነገር መልክ መሆናቸውን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንድ ሌሊት ውስጥ ሦስት ትራስ የምትደራርቡ ከሆነ፣ እባካችሁ እሱን ብቻ ለሐኪም ንገሩ፤ ከሁሉም ምልክቶቼ በኋላ ያየችኝን የልብ ሐኪም ያስደነገጣት እሱ ነው።

ሌሊቱ መጣ። ስምንት ሰዓት ገደማ እንቅልፌ ተቋረጠ፤ ውኃ ውስጥ የተደፈቅሁ መሰለኝ። ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩና ጠርዙን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አየር ይገባል፣ ግን አይደርስም። ደረቴ ውስጥ እንደሚፈላ ነገር ይንሿሿል። ባለቤቴ መብራቱን ስታበራ ፊቴ አመድ መስሎ ላቡ እንደሚንጠባጠብ አየች። መናገር አልቻልኩም፤ በጣቴ በሩን አሳየኋት።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ግፊቴ 190 በ110 ነበር። ኦክስጅን ተደረገልኝ፤ ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒትና ላዚክስ የሚባል ውኃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጠኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መሽናት ጀመርኩ፤ ሲነጋጋ በጀርባዬ ደገፍ ብዬ መናገር ችዬ ነበር። ሳንባዬ ውኃ ቋጥሮ ነበር። «ውኃው ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ያን ቀን የተነገረኝን ግን ለመረዳት የሚበቃ ጉልበት አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ተነሣሁ። የሚያነሣው ባለሙያ ደግ ሰው ነበር። ደንግጬ ሲያየኝ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «አይጨነቁ፣ ልብዎ በደንብ ይረጫል፣ 60 በመቶ ነው» አለኝ። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ውስጡ ከሞላው ደም ከ55 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ወደ ዋናው ደም ቅዳ ይረጫል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ነው። በደስታ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ የልብ ሐኪሟ መጥታ «የልብ ድካም አለብዎት» ስትለኝ የሌላ ሰው ወረቀት የያዘች መሰለኝ።

«ባለሙያው ልብዎ ደህና ነው ብሎኛል እኮ፤ 60 በመቶ ይረጫል» አልኳት።

«የምን 60 በመቶ?» አለችኝ።

ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። መቶኛ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከስንት ላይ እንደተሰላ ካልታወቀ። ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ሁለት ክብ ሣለች። አንዱ ግድግዳው ስስ፣ ውስጡ ሰፊ ነው። ሌላው ከውጭ ሲታይ ያው መጠን ነው፣ ግድግዳው ግን ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ጠቧል። የመጀመሪያው 120 ሚሊ ሊትር ደም ቢሞላና 60 በመቶውን ቢረጭ 72 ሚሊ ሊትር ይወጣል። ሁለተኛው 80 ብቻ ከሞላ፣ 60 በመቶው 48 ነው። መቶኛው እኩል ነው፤ ሰውነት የሚደርሰው ደም ግን በሲሶ ቀንሷል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የወሰደቻቸው፤ የእኔን ችግር ግን ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ ሰው የለም። የእኔ የልብ ግድግዳ 14 ሚሊ ሜትር ነበር። የጤነኛ አዋቂ ሰው ከ6 እስከ 10 ገደማ ነው።

ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። እያንዳንዱ ምት ሁለት ሥራ አለው፤ መጨመቅና መላላት። ስለ መጨመቁ ሁላችንም እናወራለን። ሲላላ ግን ዝም ብሎ የሚያርፍ ይመስለን ነበር፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ልብ የሚሞላው ሲላላ ነው፤ ለመላላትም ጉልበት ያወጣል። ካልላላ አይሞላም፣ ካልሞላ የሚረጨው የለውም። የእኔ ልብ የደከመው እዚህ ላይ ነው። በሕክምናው ይህ ዓይነቱ የመርጨት አቅሙ ሳይቀንስ የሚመጣ የልብ ድካም ነው፤ የመርጨት መጠኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክቱ ሁሉ ይታያል። «ድካም» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ልቤ መምታት አላቆመም፣ ሊያቆምም አልተቃረበም፤ የደም ሥር ተዘግቶ ድንገት ከሚመጣው የልብ ሕመምም የተለየ ነው።

ታዲያ ጡንቻው ለምን ይወፍራል? ግፊት ሲጨምር ልብ የሚገፋው ደም ከፊቱ ከባድ ተቃውሞ ይገጥመዋል። ግድግዳው ሲወፍር ጫናው ለብዙ ጡንቻ ይካፈላል፣ እያንዳንዷ ክር የምትሸከመው ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መወፈሩ መፍትሔ ነው፤ ለዓመታትም ይሠራል። ለዚህ ነው ምንም የማይሰማን። ጣጣው የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ጡንቻው ሲያድግ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች በዚያው ልክ አይበዙለትም። የግራው ልብ ደግሞ የራሱን ደም በዋናነት የሚያገኘው በሚላላበት ጊዜ ነው፤ መላላቱ ሲበላሽ ምግቡም ይቀንሳል። በጡንቻ ክሮቹ መሐል እንደ ጠባሳ ያለ ጠንካራ ነገር እየበዛ ይሄዳል፤ ግድግዳው ይደድራል። የሸክም ሠራተኛው ክንድ ንጽጽሬ የፈረሰው እዚህ ነው፤ ክንድ ሠርቶ ያርፋል፣ በግፊት የተያዘ ልብ ግን ሌሊትም ሸክሙን አያወርድም።

የደደረ ክፍል ውስጥ ደም ለማስገባት ከኋላ ያለው ግፊት መጨመር አለበት። ከኋላው የግራው የላይኛው ክፍል አለ፤ እሱ ይለጠጣል። ከሱ ኋላ ሳንባ ነው። ግፊቱ ወደ ሳንባ ሲመለስ ፈሳሽ ከደም ሥሮቹ ወደ አየር ከረጢቶቹ ይንጠባጠባል። «ውኃው ከየት መጣ?» ላልኩት መልሱ ይህ ነበር። ስንጋደም ከእግራችን የሚመለሰው ደም ስለሚጨምር ትራስ መደራረብ ይመጣል፣ ከእንቅልፍ ተወርውሮ መነሣት ይመጣል። ደረጃ ስንወጣ ልብ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ከሁለቱ ሥራዎች ይበልጥ የሚያጥረው የመላላቱ ጊዜ ነው። ተቀምጬ ደህና የነበርኩት፣ ደረጃ ላይ የምሸነፈው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይታከም ሲቀጥል አንዳንዱ ልብ በመጨረሻ መጨመቁንም ያቅተዋል፤ ይሰፋል፣ የመርጨት መቶኛውም ይወርዳል። ሌላው አደጋ የተለጠጠው የላይኛው ክፍል ነው። ምቱ ሥርዓቱን ያጣና ይንቀጠቀጣል፤ ደም ይረጋበታል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። የደደረ ልብ ለመሙላት የላይኛውን ክፍል ግፊያ አጥብቆ ስለሚፈልግ ያ ግፊያ ሲቀር ትንፋሽ ማጠሩ በአንድ ቀን ሊብስ ይችላል። በየጠዋቱ የእጄን ምት ለአንድ ደቂቃ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ወጣ ገባ ካለ ወዲያው እንድሄድ ተነግሮኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የልብ መወፈር ሁሉ አንድ አይደለም። ሐኪሟ «ግፊት ነው» ብላ ከመደምደሟ በፊት ብዙ ጠይቃኛለች። የልብ መውጫ ቫልቭ ሲጠብ ልብ ያው የሚገፋው ተቃውሞ ስለሚገጥመው ይወፍራል፤ እሱ ክኒን ሳይሆን ቫልቭ መተካት ሊፈልግ ይችላል። አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ግድግዳው ውስጥ ተከማችቶ የወፈረ የሚያስመስልበት ሕመም አለ። በዘር የሚተላለፍም አለ፤ ከ500 ሰው አንዱ ገደማ ይኖረዋል፤ ግፊት ሳይኖር ጡንቻው ራሱ ይወፍራል፣ ብዙ ጊዜም በሁለቱ ታችኛ ክፍሎች መሐል ያለው ግድግዳ ከሌላው ይበልጣል። በአዋቂ ሰው ሌላ ምክንያት ሳይገኝለት 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠረጠራል። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የእኔ 14 ስለነበር፣ አባቴም በ50ዎቹ ዕድሜው ድንገት ስላረፈ፣ ኤምአርአይ ተነሥቼ ተጣርቷል። የእኔ ከግፊት ነው።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። የተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ኳስ ሲጫወት ራሱን ስቶ ወድቆ ነበር የመጣው፤ የሱ በዘር የመጣው ዓይነት ነበር። መድኃኒቶቼን ስነግረው አንዱ ለሱ ክልክል መሆኑን ነገረኝ። በዚያ ዓይነት ሕመም አንዳንዱ ሰው ላይ የወፈረው ግድግዳ የደሙን መውጫ ያጠበዋል፤ ውኃ የሚያስወጣና የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ጥበቱን ሊያብሰው ይችላል። እኔን ያዳነኝ ክኒን እሱን ሊጥለው ይችል ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን መድኃኒቶች ከእኔ አትቅዱ። በሩጫ መሐል ራሱን የሳተ፣ ወይም በቤተሰቡ በልጅነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለ ሁሉ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይናገር።

ከሐኪም ቤት ስወጣ አራት ዓይነት መድኃኒት ይዤ ነበር። ኢናላፕሪል ለግፊቱ፤ እሱ ደረቅ ሳል አመጣብኝ። ሳሉ የሳንባዬ ውኃ ተመልሶ መስሎኝ ሁለት ሌሊት በፍርሃት አልተኛሁም። የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ መሆኑ ተነግሮኝ በሎሳርታን ተቀየረ። ሎሳርታን ሲሰጠኝ ሐኪሟ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነገረችኝ፤ ከ9,000 በላይ ግፊት ያለባቸውና ልባቸው የወፈረ ሰዎች ተሳትፈውበት በሎሳርታን የታከሙት አቴኖሎል የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ከወሰዱት ይበልጥ ውፍረቱ ቀንሶላቸዋል። የወፈረ ልብ ሊቀጥን እንደሚችል የሰማሁት ያኔ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ ከነበርኩበት ቀና ያደረገኝ ወሬ ነው። ሌሎቹ ለግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን፣ እንዲሁም ውኃ የሚያስወጡት ስፓይሮኖላክቶንና ላዚክስ ናቸው። በኋላ ኢምፓግሊፍሎዚን ተጨመረልኝ። የስኳር መድኃኒት ነው፣ እኔ ግን ስኳር የለብኝም። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት፣ የእኔን በመሰለ የልብ ድካም ዳግም ሆስፒታል መግባትን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው ወንድሙም እንዲሁ። ለዚህ ዓይነቱ ድካም ለረጅም ጊዜ ጥሩ መድኃኒት ስላልነበረ ሐኪሟ ስትነግረኝ ራሷም ደስ ብሏት ነበር።

ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲወሰዱ ደም ውስጥ ፖታሺየም ሊከማች ይችላል፤ ከመጠን ካለፈ የልብን ምት ያዛባል። ለዚህ የኩላሊትና የፖታሺየም ምርመራ በየጊዜው እደረጋለሁ። አንድ ጊዜ ሰው አዝኖልኝ «ለልብ ሕመምተኛ የሚስማማ» የሚል በጨው ምትክ የሚበላ ጨው አመጣልኝ። ጀርባውን ሳነብ የተሠራው ከፖታሺየም ነው። ለሌላው ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለእኔ ግን ከመርዝ ብዙም የራቀ አልነበረም። አመስግኜ አስቀመጥኩት።

ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት ግን በአምስተኛው ወር ነው። ጉልበቴን አመመኝ። ቤት ውስጥ የቆየ ዳይክሎፌናክ ነበር፤ ለሕመም ማስታገሻ ማን ሐኪም ይጠይቃል ብዬ ለአምስት ቀን ዋጥኩ። በአምስተኛው ቀን ሚዛን ላይ ስወጣ 3 ኪሎ ጨምሬአለሁ፤ ማታም ሁለተኛው ትራስ አስፈለገኝ። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስቀር ያደርጋሉ፤ ግፊትም ይጨምራሉ። በስልክ ተናግሬ ላዚክሱ ለጥቂት ቀን ተጨመረልኝና ሆስፒታል ሳልተኛ ዳንኩ። ያዳነችኝ ሚዛኗ ናት። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በስስ ልብስ እመዘናለሁ፤ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስብ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ አይጨምርም። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመርኩ እግሬ እስኪያብጥ አልጠብቅም፤ እደውላለሁ። ከዚያች ሌሊት በፊትም ሚዛን ቢኖረኝ ኖሮ ውኃው እየተከማቸ መሆኑን ቀደም ብዬ ባየሁ ነበር።

ስለ ጨው ብዙ አልልም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኔን የቸገረኝ ድስት ውስጥ የሚገባው ሳይሆን ታሽጎ የሚሸጠው ነበር። ምላስ ይለምዳል፤ የእኔ ወደ ሁለት ወር ወሰደበት።

ግፊት መለካት ላይ ግን ቆም ልበል፣ ለዓመታት በተሳሳተ መንገድ ስለካ ስለኖርኩ። ደረጃ ወጥቼ እየተነፈስኩ፣ እያወራሁ፣ እጅጌዬ ላይ አስሬ እለካ ነበር። አሁን ሽንቴን ሸንቼ፣ ቡና ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት አሳልፌ፣ ጀርባዬን ደገፍ አድርጌ፣ ሁለት እግሬን መሬት አስይዤ፣ ሳላወራ አምስት ደቂቃ እቀመጣለሁ። ማሰሪያው ባዶ ክንዴ ላይ ይሆናል፤ ክንዴ ጠረጴዛ ላይ አርፎ ከልቤ ትይዩ ይሆናል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ እለካለሁ፣ ጠዋትም ማታም። ሐኪሟ ያስቀመጠችልኝ ግብ ከ130 በ80 በታች ነው። ቀጠሮ ስሄድ የአንድ ሳምንት ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፤ እዚያ ፊቷ ተቀምጬ የምለካው አንዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከቤቱ ከፍ ይላል።

ባለቤቴ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ለሐኪሟ ተናገረች። «ሌሊት ያንኮራፋል፣ ከዚያ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ይነቃል» አለቻት። እንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ግፊትን እንደሚያስቸግር፣ ልብን እንደሚያወፍር ያን ቀን ሰማሁ። ተመረመርኩ፤ ነበረብኝ። አሁን አፍንጫ ላይ በሚደረገው መሣሪያ እተኛለሁ። ቀጠሮ ስትሄዱ አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ።

ፍርሃቱን አልደብቅም። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ለወራት ልቤን እንዳላደክም ብዬ አልንቀሳቀስም ነበር። ልጄ ውኃ ሲያቀርብልኝ እንኳ ከወንበሬ አልነሣም። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ቆጣ አለች። ሰው ስለተቀመጠ ብቻ ልቡ በደንብ አይላላም፣ ሰውነት ሲዝል ልብን ይበልጥ ያስቸግራል፤ በዝግታ መራመድ መድኃኒቴ እንደሆነ ነገረችኝ። በሜዳ ላይ በአስር ደቂቃ ጀመርኩ። መለኪያዬ ወሬ ነው፤ እየተራመድኩ ከባለቤቴ ጋር ማውራት ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። አሁን 40 ደቂቃ እንሄዳለን።

ከ14 ወር በኋላ ኢኮ ደግሜ ተነሣሁ። ግድግዳው ከ14 ወደ 12 ሚሊ ሜትር ወርዷል። የላይኛው ክፍል ግን እንደተለጠጠ ነው፤ ምናልባትም እንደዚያው ይቀራል። ትራሴ አንድ ሆኗል። ሦስተኛ ፎቅ በአንድ ትንፋሽ አልወጣም፤ ሁለተኛው ላይ ቆም እልና ተማሪዎቼ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። የመርጨት መቶኛዬ ዛሬም 60 ነው። ያን ቁጥር ከእንግዲህ ብቻውን አላነብም፤ ከጎኑ የግድግዳውን ውፍረት፣ የግራውን የላይኛ ክፍል ስፋት፣ ስለ መላላት የተጻፈውን መስመር እጠይቃለሁ። እነዚህ ሁሉ በኢኮ ወረቀት ላይ አሉ፤ ሐኪሙ ሲቸኩል ግን ካልተጠየቀ ላይነግራችሁ ይችላል።

የአባታችን ነገር ሲነሣ ታናሽ ወንድሜም እንዲመረመር ተመክሮ ነበር። 46 ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን አሞኝ ያለ ሰው አይደለም፤ «እኔ ምን ሆንኩ?» እያለ ስምንት ወር አንገላታኝ። በመጨረሻ እጁን ይዤ ወሰድኩት። ግፊቱ 158 በ96፣ የልቡ ግድግዳ 12 ሚሊ ሜትር። በዘር የመጣው ዓይነት አልነበረም፤ በእኔ መንገድ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የነበርኩበት ቦታ ነበር። ክኒኑን ከጀመረ ሰባት ወር ሆነው። እሁድ እሁድ ማታ ይደውልልኛል፤ ከሰላምታ በፊት ቁጥሩን ይነግረኛል። ባለፈው እሁድ 128 በ78 ነበር።